ግነት ስትሰሙ ሁለቴ አንኳኩ

ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም «ሺህ ጊዜ» ነው። ፊት ለፊት ቲቸር ይሉኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ኮቴዬን ሲሰሙ ግን «ሺህ ጊዜ መጣች፣ ቁጭ በሉ!» ሲባባሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተናደድኩም ብል ዋሸሁ። ተናድጃለሁ። ግን ማንን ልውቀስ? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አራተኛ ክፍል ሳስተምር አፌን የምከፍተው «ሺህ ጊዜ አልነገርኳችሁም?» ብዬ ነው። ደብተር ይረሳሉ፣ ሺህ ጊዜ አልነገርኳችሁም? በመስኮት ወረቀት ይወረውራሉ፣ ሺህ ጊዜ! አስተዳደጌም ነው። እኛ ቤት ማንም ሰው ርቦት አያውቅም፤ በረሃብ ይሞታል እንጂ። ማንም አይደክመውም፤ ወገቡ ይቆረጣል። እናቴ አንድ ሰሃን ሲሰበርባት «ቤቴ ፈረሰ!» ብላ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ነበረች። እንግዲህ ልጆችን ስለ ግነት ላስተምር የተነሳሁት ከዚህ ቤት የወጣሁት እኔ ነኝ።

ባሌ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ሳሎን በውሃ ተሞልቶ ወንበር ሲንሳፈፍ አይቶ ይመጣና «ትንሽ ረጥቧል» ይለኛል። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እኔ የምጨምረውን እሱ እየቀነሰ እንዲሁ ተቻችለናል።

ጥሩ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ኩራቴ ምን እንዳሠራኝ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው። ለባሌ እንኳ ሙሉውን አልነገርኩትም። ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል፤ እዚህ ላይ አላጋነንኩም፣ እውነትም ይግላል።

ግነት የመጣው በመጽሐፉ ተራ ነው። ምዕራፉ ዘይቤያዊ አነጋገር ይላል፤ ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ግን እንኳን ልጆቹን እኔን ያስተኛል። ያንኑ ሰሌዳ ላይ ልገለብጥ ጠመኔ ሳነሳ ከኋላዬ ጫጫታ ሆነ። ሳልዞር «ዝም በሉ ብዬ ሺህ ጊዜ አልነገርኳችሁም?» አልኩ።

«ሁለቴ ነው፣ ቲቸር» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ዞር ስል የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። እናቷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ትውላለች፤ የኛን ልጆች ዩኒፎርም ግማሹን የሰፋችው እሷ ናት። ልጅቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ዝምተኛ ናት፤ ግን አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ፊቷን አየሁት፤ ተንኮል የሚባል ነገር የለበትም። ከልቧ ቆጥራ ነው።

«ዛሬ ሁለቴ ነው ያሉት» አለች። «ትናንት አራቴ ብለዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ላስወጣት እጄ ወደ በሩ ተዘርግቶ ነበር፤ ግን ሳቁ እኔንም ያዘኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩና «እሺ፣ ሁለቴ ከሆነ ለምን ሺህ አልኩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስለተናደዱ!» አለ አንዱ።

«ሁለቴ ካሉማ ማን ይፈራል?» አለች ሌላዋ።

«ታዲያ ዋሸኋችሁ?»

አስተማሪያቸውን ውሸታም ማለት ፈሩ መሰለኝ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ግን ትንሽ አሰበችና «አልዋሹም» አለች። «ሺህ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ውሸት የሚሆነው እርስዎ ብቻ ሲያውቁት ነው።»

የመጽሐፉን ማብራሪያ ተውኩትና የሷን ቃል ትንሽ አስተካክዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ግነትን ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁታል፤ ውሸትን የሚያውቀው ተናጋሪው ብቻ ነው። ከሥሩ አሰመርኩበት። ወዲያው ደግሞ ደንብ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ሲያጋንን የሰማ ልጅ ዴስኩን በጣቱ አንጓ ሁለቴ ያንኳኳል። ኳ ኳ። ሌላ ንግግር የለም።

አይ እኔ! ምን እንደለቀቅኩ መች አወቅኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ የአናጢ ቤት መሰለ። «ሙቀቱ ገደለኝ» እላለሁ፣ ኳ ኳ። «የናንተ ደብተር ጀርባዬን ሰበረው» እላለሁ፣ ኳ ኳ። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ቆሞ «የዓለም ቆሻሻ በሙሉ እዚህ ግቢ ተጠራቅሟል!» ሲል አርባ ሦስቱም ልጆቼ፣ ዴስክ ስላጡ፣ የደብተራቸውን ሽፋን አንኳኩ። እኔ ሳቄን ልደብቅ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ አልኩ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። አንድ አባት ደግሞ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ቲቸር፣ እባክዎን፣ በገዛ ቤቴ መናገር አልቻልኩም። ደክሞኝ ገብቼ ሞትኩ ስል ሦስቱም ጠረጴዛ ይቀጠቅጡብኛል» አለኝ።

«ልጆችዎ ሁለት አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

«እናታቸውም ጀምራለች» አለኝ።

ቀጥሎ ራሳቸው እንዲጽፉ አደረግኩ። መጀመሪያ ያመጡት ሁሉ የሰለቸንን ነበር፤ ቁመቱ ሰማይ ነካ፣ እንባዋ ጎርፍ ሆነ። «እሱን ተዉት» አልኳቸው። «ቤታችሁ ያለውን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን እውነት ውሰዱና እሱን አጋንኑት። ከሥሩ እውነት ከሌለ ግነቱ አይቆምም።» በማግስቱ የመጣውን ብታዩ! «አክስቴ ስልክ ማውራት ስትጀምር የተወለደ ሕፃን፣ ስትጨርስ ትምህርት ቤት ገብቷል።» «ወንድሜ ካልሲውን ሲያወልቅ ድመታችን ቤት ትቀይራለች።» የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተነሳችና ደብተሯን ከፊቷ ከፍ አድርጋ እያየች «እናቴ በአንድ ክር ሦስት ሠርግ ትሰፋለች» አለች። ክፍሉ እጁ እስኪቀላ አንኳኳላት። እኔም ጠረጴዛዬን አንኳኳሁላት።

ነገሩ የመጣው ደብተር እያረምኩ እሷ ጋ ስደርስ ነው። ገጹ ላይ ክርም የለም፣ ሠርግም የለም። የተጻፈው ስለ አክስትና ስለ ስልክ ነው። አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ደብተር ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሣለች ገልብጣዋለች። ከላይ፣ የራስ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ እንኳ ያለው የጎረቤቷ ስም ነው።

በዕረፍት ሰዓት አስቀረኋት። መጽሐፉን ገና ያልደረስንበት ገጽ ላይ ገልጬ «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። ገጹን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄን ገና አላነበቡልንም፣ ቲቸር» አለችኝ።

ያፈረች አትመስልም ነበር። ማንበብ ማለት ለሷ እንዲያ ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ በማግስቱ ተነስታ አንድ ቃል ሳትጥል ትለዋለች። እንዲህ በጆሮዋ እየተማረች አራተኛ ክፍል ደርሳለች። እኔ ሞኟ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ መጽሐፍ ይዛ ስትቆም «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ስላት ከርሜአለሁ።

«ከነገ ጀምሮ በየዕረፍቱ እዚሁ እንቀመጣለን፤ እኔና አንቺ ብቻ» አልኳት። ፊቷ በራ። ተቀመጥንም። የመጀመሪያው ቀን የራሷን ስም ፊደሎች ለየን፤ ሁለተኛው ቀን የእናቷን ስም ጻፈችና ደጋግማ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ስብሰባ መጣ፣ ከዚያ የፈተና እርማት፣ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። «ነገ እንቀጥላለን» እያልኩ በሩ ላይ አልፋት ጀመር። ስንት ቀን ተቀመጣችሁ ብትሉኝ ድሮ ቢሆን «ስንት ለፋሁ መሰላችሁ!» እላችሁ ነበር። ሦስት ቀን ነው።

ቅጹ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ማንበብ ለሚቸገሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ የንባብ ክፍል ሊከፈት ነው ተባለ። ለዚሁ ብላ የሠለጠነች መምህርት ተመድባለች፤ ቦታው ለሃያ ልጅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳችን የሚቸገሩ ልጆቻችንን ስም እስከ ዓርብ ጽፈን እናስገባ። ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ተብሎ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ወረቀቱን ስቀበል መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው፤ ይህን እግዜር ያውቃል።

ዓርብ ስብሰባ ላይ ከኔ ክፍል ቀጥሎ የሚያስተምረው ባልደረባዬ የሰባት ልጅ ስም ይዞ መጣ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘና «ሰባት? አንተ ምን ስትሠራ ከረምክ?» አለው ሁላችንም ፊት። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጎበዝ አስተማሪ ነው እኮ፤ ስለማይዋሽ ነው ሰባት ያለው። ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞረና ፈገግ ብሎ «ካንቺ እንኳን ዜሮ ነው የምጠብቀው» አለኝ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሞዴል መምህርት ተብዬ ስሜ የአስተማሪዎች ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ስገባ አየዋለሁ፣ ስወጣም አየዋለሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ዜሮ ጻፍኩ። ማንም እጄን አልያዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። «እኔው ራሴ አስተምራታለሁ» አልኩ በሆዴ። ለራሴም ዋሸሁ እንግዲህ።

ሰኞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ዜሮ የጻፍኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሊያየኝ ነው የመጣው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ከኋላ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። እኔም ግነትን አስተማርኩለት። ወይ ያን ቀን ያስተማርኩት! ልጆቹ በየተራ እየተነሱ ቤት ያለውን ሁሉ አወጡት፤ ካልሲው፣ አክስትየዋ፣ የአያት ማንኮራፋት። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ አላስችል ብሎት ተነሳና «እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሰባት ወንዝ ነበር የምሻገረው» አለ። ክፍሉ በሙሉ አንኳኳ። «እሺ፣ ሁለት ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ቅጹን ከቦርሳው አወጣ። «መምህርት፣ ከአርባ ሦስት ልጅ አንድም ማንበብ የሚቸገር የለም ብለው ነው የጻፉት። እውነት ነው?» አለኝ፣ ልጆቹ ፊት።

ምን ይዋጠኝ! «ኧረ እነሱ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት!» አልኩ።

ኳ ኳ።

አንድ ዴስክ ብቻ ነው የተንኳኳው። መስኮት ሥር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ፈገግ ብላ ታየኛለች፤ ትምህርቴን እንደያዘችልኝ ልታሳየኝ፣ በእንግዳ ፊት ልታኮራኝ ነው። ማንበብ እንደማትችል እሷ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ወረቀት ይዞ የመጣው ሰውዬማ እንዴት አያውቅም! ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ለጨዋታ ያጋነንኩ ነው የመሰላት። ውሸታም እሆናለሁ ብላ አላሰበችም።

ሱፐርቫይዘሩ ከት ብሎ ሳቀ። እሱ የመሰለው «እንደ ውሃ» የምትለዋን ቃል እንደያዘችብኝ ነው። «ጎበዝ! አስተማሪሽን አፋጠጥሻት! በይ ነይ፣ አንቺው አንብቢልን» አላት።

እዚህ ጋ ነበር ማቆም የምችለው። «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ እሷ ገና ናት» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን መጽሐፉን ከጠረጴዛዬ ላይ ቀልጠፍ ብዬ አነሳሁና ስለ ንቦች የሚያወራውን ምንባብ ገለጥኩላት። አምስት ጊዜ ያነበብኩላቸው ምንባብ ነው። ሌሎቹንም «እናንተም ገልጣችሁ ተከተሏት» አልኳቸው። ሳቀብላት የንቦቹን ሥዕል አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ገባት። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አንብቢ» አልኳት።

አነበበች። ማለቴ፣ በቃሏ አለችው። አንድ ቃል ሳትጥል፣ እኔ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ ትንፋሽ እየወሰደች። ምንባቡ ወደሚቀጥለው ገጽ ይዞራል። ክፍሉ ውስጥ ገጽ ሲገለበጥ ተሰማ፤ የሷ ግን አልተገለበጠም። እዚያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዓይኗን ተክላ ንቦቹን እስከ ቀፏቸው አደረሰቻቸውና ጨረሰች። ሱፐርቫይዘሩ አቀርቅሮ ይጽፍ ስለነበር አላየም። ልጆቹ አዩ። ዞር ብዬ አየኋቸው። አርባ ሁለት ልጅ እጁን ዴስኩ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። አንድም ልጅ አላንኳኳም።

ደንቡን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። መቼ እንደማይንኳኳም ያውቃሉ። አፈርኩ። በአንድ ሰው ፊት አፍሬ አውቃለሁ፤ በአርባ ሁለት ልጅ ዝምታ ፊት ግን አፍሬ አላውቅም ነበር።

«እጅግ ግሩም ነው» አለ ሱፐርቫይዘሩ እየጨበጠኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ደወል ተደወለ፤ ሁሉም ወጡ። እሷ ቀረች። ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ሰውየው እኔ እንደማልችል ያውቃል አይደል?»

የጠፋውን ሰሌዳ ደግሜ አጠፋሁ።

«ካላወቀማ ግነት አይደለም» አለች። እየከሰሰችኝ አልነበረም፤ ትምህርቱን እያረጋገጠች ነው። «እኔ ደግሞ አንኳኳሁ። ተሳሳትኩ ማለት ነው?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ልላት ይገባ ነበር። «ሂጂ፣ ውጪና ተጫወቺ» ነው ያልኳት። ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ ብል ታንኳኩብኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቼ መቀመጥ ነው ያማረኝ።

ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ጋ አልሄድኩም። ረቡዕም አልሄድኩም። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ማንኳኳት ትተዋል። «ፀሐይዋ አናቴን በሳችው» ብዬ ሞከርኳቸው፤ ዝም። ሚስቱ ስታስቅ የማይስቅ ባል አይቼ አውቃለሁ፤ አስተማሪያቸው ስታጋንን ዝም የሚሉ የአሥር ዓመት ልጆች ግን ከዚያ ይከብዳሉ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ባሌ አየኝና «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ደከመኝ ብለሽ አታውቂም፤ ሞትኩ ነው የምትይው። ምን ሆነሽ ነው?»

ግማሹን ነገርኩት። ማንበብ የማትችል ልጅ እንዳለችና ስሟን እንዳላስገባሁ። ስለ ንቦቹ አልነገርኩትም፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ቀነስ አድርጎ «ቦታው ሃያ ነው አላልሽም? እስካሁን አልሞላም?» ብቻ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። «ቅጹ ላይ የጻፍኩት ልክ አይደለም። ማንበብ የማትችል ልጅ አለችኝ» አልኩት።

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስንት ናቸው?»

«አንድ።»

«አንድ?» እፎይ አለ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? አንድ ልጅ ነው፤ ትንሽ አጋነንሽ እንጂ...»

«አላጋነንኩም» አልኩት። «ዋሸሁ።»

መዝገቡን ገለጠ። ሃያው ቦታ ሞልቷል። ሰባቱ የባልደረባዬ ልጆች ናቸው፤ ቀኑ ቢያልፍም ቦታ ስለነበረ የመጨረሻው ስም የገባው ትናንት ከሰዓት ነው። ሰኞ ዕለት፣ ልጅቷ ሰሌዳው ሥር ቆማ ስትጠይቀኝ፣ ሁለት ቦታ ክፍት ነበር። «በሚቀጥለው ዓመት እናስገባታለን። ለሱፐርቫይዘሩ እኔ አልናገርም፤ አንቺም አትናገሪ» አለኝ። እኔው ጽፌ ላክሁለት። ስሜም ከግድግዳው ላይ ወረደ። እውነት ለመናገር ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ መንገዱን መሻገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ ስታየኝ የስፌት መኪናዋን አቁማ ብድግ አለች። መቀመጫውን በሽርጧ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ አንዴ አይታኝ አቀረቀረች። «ቲቸር! ምነው በእግርዎ መጡ፣ ቢጠሩኝ በሮጥኩ!» አለችኝ እናትየዋ። «እኔ ወለድኳት እንጂ እናቷማ እርስዎ ነዎት። ዓይን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት!»

ሳላስበው እጄ ሄደና የምትሰፋበትን ጠረጴዛ ሁለቴ አንኳኳሁ።

ግራ ገብቷት ልጇን አየች።

«አጋነንሽ እያሉሽ ነው፣ እማ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

ነገርኳት። ሁሉንም፤ የጎረቤቷን ስም የጻፈችበትን ደብተር፣ ሦስቱን ቀን፣ ዜሮውን፣ የሞላውን ቦታ፣ ንቦቹን። እጇን የመኪናው መዘውር ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የተጎሳቆለ ደብተር አወረደች። ደንበኞቿ የሚያሰፉትን ራሳቸው በእጃቸው የሚጽፉበት ነው፤ እሷ ፊደል አታውቅም። ገጹ ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ታዲያ ይሄን በየማታው ሲያነብልኝ የከረመው ማን ነው?» አለች።

«ሲያወሩሽ እሰማቸዋለሁ» አለች ልጅቷ። «በቃሌ ይዤው ነው።»

«የዚያች ሴትዮ እጅጌ ያጠረብኝስ?»

ልጅቷ ቁልፉን አስቀመጠች። «እሷ የመጣች ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ። ገምቼ ነው የነገርኩሽ» አለችና ፊቷን በሸሚዙ ሸፈነች። ይህች ልጅ ስታፍር ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ አታፍርም ነበር፤ ማፈርን ያመጣሁባት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ዘጋችና አየችኝ። «እኔ አልተማርኩም፣ አላወቅኩም። እሷም ልጅ ናት» አለች። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

እርስዎ ማለቷን ትታለች። አልፈረድኩባትም።

መኪናዋን መልሳ አስነሳች። ተነስቼ ወጣሁ። ልጅቷ ማንም ሳያዛት እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። የለመደ አፌ ቀደመኝ።

«ሺህ ጊዜ ይቅርታ» አልኳት።

የበሩን መቃን ሁለቴ አንኳኳች። ኳ ኳ።

«ገና አንዴም አላሉኝም፣ ቲቸር።»

እውነቷን ነው። ለዳይሬክተሩ ተናግሬያለሁ፣ ለሱፐርቫይዘሩ ጽፌያለሁ፣ ለእናቷ ነግሬያለሁ። ለሷ ምንም አላልኳትም። ጎንበስ ብዬ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ዋሽቻለሁ። አንቺንም እንድትዋሺ አድርጌያለሁ። አንኳኩተሽ አልተሳሳትሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። አንዴ።

ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችም።

«ከነገ ጀምሮ ከደወሉ በፊት ክፍል ውስጥ እጠብቅሻለሁ» አልኳት።

«ለስንት ቀን?»

«እስክታነቢ ድረስ።»

እጇ አሁንም መቃኑ ላይ ነበር። ጠበቅኩ። አላንኳኳችም።

ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛው ቀን ነው። የምትቆጥረው እሷ ናት።